ቆቦ ሄጄ የመረቅሁት ምርቃት

ማክሰኞ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ላይ አልሠራም። ቆቦን በዓይኔ ሳላያት ሃያ ዓመት ያህል ስናፍቃት ኖሬያለሁ፤ ጥፋቱም የሰይድ ነው። ሰይድ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛ የቆቦ ልጅ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ ራያ ሜዳ ያወራልኛል። ማሽላው ሰው ይውጣል ይላል፣ ግመሉ ከመኪና ጋር መንገድ ይጋፋል ይላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ጫማ ያላላል ይላል። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ የእሱን ሙቀት በጆሮዬ እሞቅ ነበር።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። ትልቋ ልጁ ረሕመት የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ለእረፍት ቤት ገብታለች። ስትመለስ የትምህርት ክፍል መምረጥ አለባት። እሷ ሥነ ጽሑፍ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች፤ አባቷ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ ይሻልሻል ብሏል። "አንተ አስተማሪያቸው ነህ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግጥምን ምን እንደምታደርጉት ታውቃለህ። መጥተህ ንገራትና ትተወው" አለኝ። እሺ አልኩት። በልቤ ግን የተነሳሁት ልጅቷን ላስተዋት ሳይሆን አባቷን ላሳምን ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። እኔና ሰይድ ዘመናዊ የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ የሚባለውን ትምህርት በጀመርንበት ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ግጥም ጻፈ፤ ከሥሩ የገጣሚውን ስም ጻፈ፤ ከዚያ ስሙን በእጁ መዳፍ አጠፋው። "ከዚህ በኋላ ጸሐፊው አያገባውም፤ ያሰበው ነገር ከራሱ ጋር ይቅር። ግጥሙ የአንባቢው ነው" አለ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሰይድ እጁን አወጣና "ይቅርታ መምህር፣ ማን ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። "ምኑን?" "ግጥሙን። ማን እንዳለው ካላወቅን ምን እንዳለ በምን እናውቃለን?" ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ የሰይድም ቅጽል ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ "ማን አለው" ሆነ። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን። እሱ ንድፈ ሐሳቡን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ብርድ ላይ ላለ ሰው ኮት ኮት ነው እለዋለሁ። ከዚያ ሻይ ቤት ሄደን አንድ ፓስቲ ለሁለት እንካፈላለን። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ ስለዚሁ ጉዳይ በስብሰባ ይከራከራሉ፤ ፓስቲ የሚካፈል ግን የለም።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚህ ዘመን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ከታሪፉ በፊት የሚጠይቀው "መንገዱ ሰላም ነው?" ብሎ ነውና ሾፌሩ ሳይጠየቅ "ሰላም ነው፣ ሰላም ነው" እያለ ነበር የሚያሳፍረን። ደብረ ብርሃን ለቁርስ ስንቆም እህቴ መናኸሪያው ድረስ መጣች፤ በእጇ አንድ ግመል የሚያለብስ የሱፍ ብርድ ልብስ ይዛለች። "ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም" አለችኝ። "እህቴ፣ እኮ ቆቦ ነው የምሄደው፣ ሙቅ አገር ነው" ብላት "ሌሊት ሌሊት ነው፤ ሌሊት የማይበርድበት አገር የለም" ብላ ጭኔ ላይ ጣለችብኝ። ጣርማ በርን በጉም ተሸፍነን ስናልፍ እህቴ ልክ መሰለችኝ፤ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ግን ብርድ ልብሱን የማስቀምጥበት ጠፋኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዝነውልኝ ለመንገዱ ግማሽ ተቀበሉኝና እንደ ሕፃን አቅፈውት ተጓዙ። ደሴ አደርን። የአልጋ ቤቷ ባለቤት የያዝኩትን አይታ "ወንድሜ፣ እኛም ብርድ ልብስ አለን እኮ" ብላ ተቀየመችኝ።

ረቡዕ

ወልድያን አልፈን ሜዳው ሲከፈት ሰይድን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ያኔ ያጋነነ ይመስለኝ ነበር። ማሽላው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ራሱን ደፍቶ፣ እስከ ተራራው ግርጌ ይሄዳል። እኛ አገር ገብስ ቢበዛ ወገብ ይደርሳል፤ እዚህ ገበሬው እርሻው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ።

ጎብዬ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ሾፌሩ ከጎማው ጋር ሲታገል እኛ አንዲት ካፌ ደጃፍ ጥላ ውስጥ ተደረደርን። አንድ ገበሬ ከገበያ ሲመለስ አጠገቤ አረፈና ከያዘው እስር አንድ ጥንቅሽ መዝዞ ሰጠኝ። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ጣፋጭ አገዳ ነው፤ ማሽላው መሃል ይበቅላል። እኔ እንደ አዲስ አበባ ነዋሪ ሸንኮራው ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ በላስቲክ ሲሰጠኝ ነው የማውቀው። ቅርፊቱን በጥርሴ ልልጥ ስታገል ከንፈሬን ሰነጠቀኝ። "ኧረ በአላህ! ቀስ በል እንጂ፣ አይሸሽህም!" አለኝ ገበሬው። የካፌዋ ባለቤት እየሳቀች በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ገበሬው ደግሞ ሌላ አገዳ ልጦ፣ ቆራርጦ፣ እንደ ልጅ በአፌ አጎረሰኝ። ጣፋጭ ነበር። ብዙ ሰዎች ደግ ሆነውልኛል፣ ጥንቅሽ ሊያኝክልኝ ለጥቂት የቀረው ግን እሱ ብቻ ነው።

ቆቦ መናኸሪያ የወረድኩት እንግዲህ ያበጠ ከንፈርና የሱፍ ብርድ ልብስ ይዤ ነው። ሰይድ ባጃጅ ይዞ ይጠብቀኛል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል፤ አሁን እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ከዚያ ብርድ ልብሱን ነካ ነካ አድርጎ "ይሄንን ማን ነው ያለው?" አለኝ። ሃያ ዓመት የት እንደሄደ አላውቅም፤ እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን።

ባለቤቱ ዘምዘም የማሽላ እንጀራና የፍየል ወጥ ግቢው ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር አቀረበችልን። እኛ አገር እራት ማለት በር መዝጋት ነው፤ እዚህ ግን በሩም ሰማዩም ክፍት ነው። ጎረቤት በአጥር በኩል "አሰላሙ አለይኩም፣ እንግዳ መጣ ወይ?" ይላል። ዘምዘም ወጡ ከንፈሬን እንዳያቃጥለኝ እርጎ ጨመረችልኝ። "ወንድም ዓለማየሁ፣ አይሳቀቁ፤ ጥንቅሽ እኛንም ይቆርጠናል" አለችኝ፤ ለማጽናናት የተባለ ውሸት እንደሆነ ገባኝ።

ረሕመት ትክ ብላ አየችኝ። የአባቷ ዓይን ነው ያላት። ሰይድ ዕቃ ሊያነሳ ሲገባ "ጋሼ፣ እኔን ሊያስተዉኝ ነው አይደል የመጡት?" አለችኝ። "እስቲ መጀመሪያ ልብላ" አልኳት።

ሐሙስ

ጠዋት ከሰይድና ከረሕመት ጋር በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄድን። የሰይድ አባት የአባ ሙሄ እርሻ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ማሽላው ለመድረስ ሲቃረብ ወፍ በመንጋ ይወርድበታልና መሃሉ ላይ በእንጨት የተሠራ ማማ አለ። አባ ሙሄ እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠዋል። "ውጣ፣ ውጣ! የልጄ ጓደኛ ወንጭፍ ሳያነሳ አይሄድም" አሉኝ። ወጣሁ። የወነጨፍኩት ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄዶ ሰይድን ለጥቂት ሳተው። "እዚያም ቤት ወፍ አለ እንዴ?" አሉ አባ ሙሄ።

ረሕመት ወንጭፉን ተቀብላኝ እያዞረች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለወፎቹ እዚያው የገጠመችውን አወረደችው፤

ወፍዬ ብትበይ ቆጥረሽ ብይልኝ፣
ለእንግዳ ያልኩትን እሸት ተይልኝ።

እንግዳው እኔ ነኝ፤ እሸቱም ከታች እሳት ላይ እየተጠበሰ ነበር። በደስታ አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን "አየሽ፣ እዚህ ጋ ወፏና እንግዳው ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሰው አዝመራ የሚበሉ ናቸው" የሚል ሆነ። ረሕመት ዓይኗ በራ። "ውይ ጋሼ! እኔ እንዲያ ብዬ አላሰብኩም ነበር!" አለች። ሰይድ ግን ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ።

እሸቱን እየፈተግን ከበላን በኋላ ወደ አስፋልቱ እኔና ሰይድ ብቻ ተመለስን። ያኔ ነው የነገረኝ።

"እናቴ የሞተች ጊዜ ሴቶቹ እየገጠሙ ያለቅሱላት ነበር። ስለ አክስቴ ድምፅ ያኔ ነግሬህ ነበር። አንድ ግጥም አወጣች፤ ሰው ሁሉ መሬት ወደቀ። እኔ ቆሜ ምን አደረግሁ መሰለህ? ‘ቤት’ እና ‘በረሃ’ ተቃርነው ቆመዋል አልኩ። በልቤ፣ እዚያ ክፍል ግጥም ስንገነጣጥል ተቃራኒ ቃል መፈለግ እንደተማርነው። እንባዬ እዚህ ደርሶ ነበር፣" ጉሮሮውን ነካ፣ "ተመለሰ። እስካሁን አልመጣም። ዓለማየሁ፣ እኔ እናቴን አላለቀስኳትም።"

ያ መኝታ ክፍል ታወሰኝ። ሰይድ ያኔ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ሌሊት ከላይ ሆኖ ያነበንብልኝ ነበር። ከዚያ ትምህርት በኋላ ማንበቡን ተወ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር።

"ጥፋቱ የትምህርቱ ነው ትላለህ?" አልኩት። "እኔን ሌላ ነገር ነው ያደረገኝ። እኔ በሱ ምክንያት ነው ግጥም የወደድኩት።"

"አላውቅም። ያንተ ተከፈተ፣ የኔ ተዘጋ። የሷ የትኛው እንደሚሆን በልጄ አልሞክርም። ዛሬ ወንጭፍ ይዛ ስትገጥም አየሃት አይደል?"

አየኋት። በጣም አዘንኩለት፤ ልከራከረውም አቃተኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ እዚያ አስፋልት ዳር ጣልኩትና "እሺ ሰይድ፤ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብዬ አላግባባትም። አንድ ቃል አይወጣኝም" ብዬ ቃል ገባሁለት።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። ረሕመት ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ስለሆነ ጎረቤት ዱዓ ሊያደርግላት ተሰብስቧል። ከአጥር ማዶ ያሉት ከደቡብ ትግራይ የመጡት ክርስቲያን ነጋዴና ባለቤታቸውም መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የእኔ ብርድ ልብስ አራት ታጥፎ የአባ ሙሄ መቀመጫ ሆነ። እህቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር።

አባ ሙሄ ጀመሩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ታመመው፣ ስለ ተሰደደው እየመረቁ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ "አሚን" ይላል። የወሎ ምርቃት ውበቱን ሰምቼ ነበር፤ ውስጡ ቁጭ ብሎ መስማት ግን ሌላ ነው። እኛ ቤት አባቴ "እደጉ፣ ተመንደጉ" ብሎ ወደ ጠላው ይመለስ ነበር።

ድንገት ዘምዘም ከሴቶቹ መካከል "እንግዳውስ? የመንገደኛ ዱዓ መቅቡል ነው፣ ተቀባይነት አለው፤ እሱም ይመርቅልን እንጂ" አለች።

"እውነቷን ነው፣ ይመርቅ!" አለ ሰው ሁሉ።

ክፍል ውስጥ ለመቶ ተማሪ የምናገር ሰው መዳፌን ዘርግቼ ድምፄ ጠፋ። "ዝናቡን በወቅቱ ያድርገው" አልኩ። "አሚን!" "ማሽላውን ከወፍ ይጠብቀው።" "አሚን!" የዚህ አሚን ነገር እንዴት እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ከሥር እንደሚያነሳህ ነው። አንድ ትላለህ፣ ከፍ ያደርጉሃል፣ ሳታስበው ሌላ ትጨምራለህ። ወደ ረሕመት ዞርኩ። ልል ያሰብኩት "የመረጠችውን ያቅናላት" ነበር። ያልኩት ግን ይህ ነው፤ "ረሕመት ግጥም ትማር፣ ግጥም ታስተምር፤ ተምራም አትድረቅ፤ ለአባቷም የጠፋበትን ይዛለት ትምጣ!"

"አሚን!" ግቢው ተናወጠ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሰይድን አየሁት። መዳፎቹ ተገልብጠው ጉልበቱ ላይ ወድቀዋል።

"አይ፣ አይ፣ ቆዩ!" አልኩ። "ሐሳቤ እንደዚህ አልነበረም። እኔ ልል የፈለግሁት..."

አባ ሙሄ በትሕትና፣ ግን ጠንከር አድርገው አቋረጡኝ። "ልጄ፣ አሚን ተብሏል። ያንተ ሐሳብ ካንተ ጋር ይቅር፤ ምርቃቱ አሁን የኛ ነው።"

በዚህ አገር ምርቃት የንግግር ማሳረጊያ እንዳልሆነ ዘምዘም በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ሲያከራክር የቆየ ነገር ሰው ተሰብስቦ ከተመረቀበትና አሚን ከተባለ ተዘጋ ማለት ነው። መልሶ የሚያነሳው ሰው ጎረቤቱን ሁሉ አሚናችሁ ከንቱ ነው እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን አየሁት፤ ምርቃቱን ለእኔ የወረወረችው ሳታስበው አልነበረም።

በዚያች ሰዓት ግን ያየሁት ሰይድን ብቻ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የተናደደ መሰለኝ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። "ዓለማየሁ!" አለ፣ "ጸሐፊው አያገባውም! ያሰበው ነገር ከራሱ ጋር ይቅር! ሃያ ዓመት ስታስተምረው ኖረህ ዛሬ ‘ሐሳቤ’ ትላለህ?" ሰው ግራ ገብቶት ያየናል። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? የመምህራችን ቃል በአባ ሙሄ አፍ ተመልሶ እኔኑ ሲይዘኝ፣ የገጣሚውን ሐሳብ ይዤ የምለምነው እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ሰይድ ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ተነሳና ከግቢው ወጣ። የተመለሰው እራት ሲቀርብ ነው። ረሕመት ሳህን ስታነሳ ጎንበስ ብላ "አባቴ አሚን አላለም፤ አይቼዋለሁ" አለችኝ።

"ሰው ሁሉ ብሏል እኮ። አያትሽም አሚን ተብሏል ብለው ዘግተውታል።"

"ሰው ሁሉ ይበል። አባዬ ካላለ አልሄድበትም።"

ቅዳሜ

ጠዋት ዘምዘም ለመንገድ ዳቦ ጠቅልላልኝ፣ ከንፈሬን አይታ "ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ" ብላ ሸኘችኝ። ሰይድ፣ ረሕመትና እኔ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን። ሰይድ የታሰረ ጥንቅሽ ይዟል፤ ለእኔ ብሎ ማታ ራሱ ልጦታል። በመንገዱ ሁሉ ጥንቅሹን አቅፎ ወደፊት ብቻ ያያል። ቃሌን ማፍረሴ ከበደኝ። ከዚህ ሰው ጋር ሌላ ሃያ ዓመት ሳንገናኝ ልንቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰይድ በሩን በእጁ ያዘና አልለቀቀውም።

"ዓለማየሁ፣ ትናንት አሚን አላልኩም።"

"አውቃለሁ። ሰይድ፣ ይቅርታ..."

"ይቅርታ በለኝ አላልኩህም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ማን እንዳለው አውቃለሁ። አንተ ነህ ያልከው፤ ለኔም ብለህ ነው ያልከው። ድገመው።"

አፌን ከፈትኩ። ዝናቡን አስታወስኩ፣ ማሽላውን አስታወስኩ፤ የቀረው ድርግም ብሎ ጠፋኝ። የራሴን ምርቃት ረሳሁት። ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል፣ ተሳፋሪው ያየኛል፣ ሰይድ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

"እኔ ይዤዋለሁ" አለች ረሕመት።

ሻሿን አስተካከለች፤ መሬት መሬት እያየች ቃሌን አንድ በአንድ አወረደችው። ከአፌ ከወጣው ይልቅ ያምር ነበር፤ መንገድ ላይ ትንሽ ሳታቃናው አልቀረችም። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማን ለማን እንደሚመርቅ ሳያውቁ አንድ በአንድ መዳፋቸውን ዘረጉ። "ተምራም አትድረቅ" ስትል ሰይድ ከንፈሩን ነከሰ። "ለአባቷም የጠፋበትን ይዛለት ትምጣ" አለች።

"አሚን" አለ ሰይድ።

ከዚያ "እማዬ" አለ፤ የሚኒባሱን በር እንደያዘ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ረሕመት ጀርባውን ይዛ ቆመች። እኔም ወርጄ ያዝኩት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ጠበቀን።